1.4 ሮከርን ትቼ 1.25ን የመረጥኩበት ምክንያት

ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለውን ዳገት በቮልስ የወጣ ሰው የሞተር ጉልበት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ከሆነው የሸለቆው ወለል ተነሥቶ ወደ 2,400 ሜትር ሲወጣ፣ በዳገቱ ላይ የአየሩ መሳሳት ይጨመርበታል። ድልድዩ ዘንድ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 88 ከመቶ ያህል ሲሆን፣ ደጀን ሲደረስ ወደ 75 ከመቶ ይወርዳል፤ መኪናው ጉልበት በሚፈልግበት ሰዓት ሞተሩ የሚተነፍሰው እያነሰ ይሄዳል ማለት ነው። ፋብሪካው በደቂቃ 4,000 ዙር ላይ 50 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል ያለው የእኔ 1,584 ሲሲ ሞተርም፣ እኔ በምኖርበት በደብረ ማርቆስ ከ38 እምብዛም አይበልጥም።

ባለፈው ክረምት ቴስታታዎቹን (ሲሊንደሮቹን ከጫፍ የሚዘጉትን ክፍሎች) አውርጄ ቫልቮቹን ሳሳድስ፣ ከፋብሪካው የመጡትን 1.1 ሬሾ ያላቸውን ሮከሮች፣ ማለትም ቫልቮቹን እየተጫኑ የሚከፍቱትን አጫጭር ክንዶች፣ ለመለወጥ ወሰንኩ። መለወጡን ለመወሰን አንድ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም፤ ብዙ ሳምንታት የወሰደብኝ በ1.25 ልለውጣቸው ወይስ በ1.4 የሚለው ጥያቄ ነው።

ሮከሩ ላይ ያተኮርኩት በቮልስ አሠራር የተነሣ ነው። የቮልስ ካምሻፍት (በአጭሩ ካም)፣ ማለትም በጉብታዎቹ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ፣ ሁለት ግማሽ ሆኖ በተገጠመው የሞተር ቤት መካከል ተቀብሮ ስለሚገኝ፣ እርሱን ለመለወጥ ሞተሩን ከመኪናው አውርዶ ቤቱን ለሁለት መክፈል ግድ ይላል። ሮከሮቹ ግን በግራና በቀኝ ካሉት የቫልቭ ክዳኖች ሥር ናቸው፤ ክዳኑን የያዘውን ሽቦ ወደ ታች ገፍቶ፣ እያንዳንዱን የሮከር ዘንግ የያዙትን ሁለት ዳዶዎች ፈትቶ ማውጣት ይቻላል። ከካሙ ጋር ሳይነካኩ ቫልቩ ይበልጥ እንዲከፈት ማድረጊያው መንገድ ይኸው ነው።

ሮከር የሚሠራው ሥራ ድንጋይ በዘንግ የሚፈነቅል ሰው ከሚሠራው አይለይም። በአንዱ ጫፍ ፑሽሮዱ (የካሙን ግፊት የሚያደርስለት ቀጭን በትር) ይገፋዋል፣ ወገቡ በዘንጉ ላይ ይዞራል፣ በሌላው ጫፍ ቫልቩን ይጫናል። ከዘንጉ እስከ ቫልቩ ያለው ርቀት ከዘንጉ እስከ ፑሽሮዱ ላለው ርቀት ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር ጋራዥ ውስጥ ሬሾ እንለዋለን፤ በትምህርት ቤት ሒሳብ ውድር ብለን የተማርነው ነው። በእኔ ካም ላይ ባለ መርፌ መለኪያ አስቀምጬ ጉብታው ፑሽሮዱን 7.6 ሚሊ ሜትር እንደሚገፋው አየሁ። ይህ በ1.1 ሲባዛ 8.36፣ በ1.25 ሲባዛ 9.5፣ በ1.4 ሲባዛ 10.64 ይሆናል። ከእያንዳንዱ ላይ በቫልቩና በሮከሩ መካከል የሚተወው 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲቀነስ፣ ቫልቩ ከመቀመጫው የሚርቅበት ልክ፣ ማለትም ሊፍቱ፣ 8.21 ወይም 9.35 ወይም 10.49 ነው።

በወረቀት ላይ ትልቁ ቁጥር ያጓጓል፤ እኔንም አጓጉቶኝ ነበር። ከውጭ አገር ለሚመጣ ዘመዴ የላክሁት መልእክት 1.4 የሚል ነበር፤ ዕቃውም በሻንጣው ውስጥ በካልሲ ተጠቅልሎ መጣልኝ። ሳጥኑን ይዤ የሄድኩት «አያ» እያልኩ ወደምጠራቸው፣ ዕድሜያቸውን ቮልስ ሲፈቱና ሲገጥሙ ወደኖሩት ሽማግሌ መካኒክ ነው። አንዱን ሮከር አንሥተው በጣታቸው እያዞሩ ተመለከቱትና «ሞላውን ለክተኸዋል?» አሉኝ። አልለካሁም ነበር። «እንግዲያስ በምን መረጥኸው?» ብለው ሮከሩን ወደ ሳጥኑ መለሱት። በዚያ ቀን ተናድጄ ወጥቻለሁ፤ በማግስቱ ግን ሞላውን ለካሁት።

የቫልቩ ሞላ ቴስታታው ላይ ተገጥሞ ሲቀመጥ ቁመቱ 34 ሚሊ ሜትር ነው። በመጫኛ ውስጥ አስገብቼ ጥምጥሞቹ ተደራርበው አልጨመቅ እስኪሉ ድረስ ስጫነው 22.5 ላይ ቆመ። ስለዚህ ሞላው ያለው ጉዞ 11.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ላይ ለደኅንነት ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር መተው ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ሞላው ይርገበገባል፣ ጥምጥሞቹ ከተጋጩም ፑሽሮዱ ይጎብጣል ወይም የካሙ ጉብታ ይላጣል። የሚቀረኝ 10 ሚሊ ሜትር ነበር። የ1.4 ሊፍት 10.49 ስለሆነ አይገባም፤ የ1.25 ሊፍት 9.35 ስለሆነ ይገባል። ሞላውን በቦታው የሚይዘው ሳህንም ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ወደ ጋይዱ (ቫልቩ በውስጡ ወደሚንሸራተትበት ቱቦ) ጫፍ ስለሚጠጋ፣ እርሱም ተመሳሳይ ክፍተት እንዳለው ማየት ያስፈልጋል።

እርግጥ ነው፣ ሞላው ይለወጣል ሊባል ይችላል፤ ለ1.4 ሮከር አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ድርብ ሞላ ማድረግ የተለመደ ነው። ነገር ግን ጥንድ ሞላ ዋጋው የሚከፈለው በገንዘብ ብቻ አይደለም። ሮከሩ ሊፍቱን በሚያበዛበት ቁጥር ልክ በፑሽሮዱ በኩል የሚያስፈልገውን ኃይልም ያበዛዋል። ሞላው ተከፍቶ ሳለ በ60 ኪሎ የሚገፋ ቢሆን፣ በ1.1 ሮከር ፑሽሮዱ 66 ኪሎ ይሸከማል፣ በ1.25 ደግሞ 75። ወደ 80 ኪሎ ሞላና 1.4 ሮከር ስንሄድ ሸክሙ 112 ኪሎ ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው በካሙና በፑሽሮዱ መካከል ባለው ብረት፣ በታፔቱ፣ እና በካሙ ጉብታ ላይ ነው። የቮልስ ካም ደግሞ ለ8 ቫልቮች 4 ጉብታዎች ብቻ አሉት፤ ሲሊንደሮቹ ፊት ለፊት የተጋደሙ በመሆናቸው አንዱ ጉብታ በግራ ያለውንም በቀኝ ያለውንም ቫልቭ በየተራ ስለሚገፋ፣ በእያንዳንዱ የካም ዙር ሁለት ጊዜ ይጫናል። ለመቀየር ሞተሩን ለሁለት መክፈል በሚጠይቅ ክፍል ላይ ይህን ሁሉ ሸክም መጫን፣ ሮከር በመለወጥ ያመለጥኩትን ሥራ በጓሮ በር መልሶ መጥራት ሆኖ ታየኝ።

ሁለተኛው ነገር ፍጥነት ነው። በተመሳሳይ የሞተር ዙር፣ በተመሳሳይ ጊዜ ውስጥ፣ ቫልቩ ረጅም መንገድ እንዲሄድ ሲገደድ ፍጥነቱም ፍጥንጥነቱም በሬሾው ልክ ይጨምራል። ሞላው ቫልቩን ከሮከሩ ሳያላቅቅ ሊያስከትለው የሚችለው እስከተወሰነ ዙር ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ቫልቩ ይንሳፈፋል፣ ሞተሩም እየተንገዳገደ ጉልበት ያጣል። ፍጥንጥነቱ በሬሾው በቀጥታ፣ በዙሩ ደግሞ በካሬው ስለሚያድግ፣ ሞላው ሳይለወጥ ከ1.1 ወደ 1.25 ሲኬድ የዙሩ ጣሪያ በግምት 6 ከመቶ፣ ወደ 1.4 ሲኬድ 11 ከመቶ ዝቅ ይላል። በ5,000 ዙር ይንሳፈፍ የነበረ ሞተር በመጀመሪያው ወደ 4,700፣ በሁለተኛው ወደ 4,400 ይወርዳል ማለት ነው። ዙር ለመጨመር ተብሎ የተገዛ ዕቃ ዙሩን ሲቀንስ ማየት ያስቃል፤ ግን ሞላ ሳይለኩ ሮከር የሚገጥሙ ሰዎች የሚደርስባቸው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጥቅሙ ልምጣ። በቫልቩ ዙሪያ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ስፋት የሚገኘው የቫልቩ ዙሪያ በሊፍቱ ሲባዛ ነው። የእኔ ማስገቢያ ቫልቭ ስፋት 35.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ8.21 ሊፍት ይህ ስፋት 916 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በ9.35 ደግሞ 1,043፣ በ10.49 1,170። የቫልቩ የራሱ ገጽ 990 ነው፤ ሊፍቱ የቫልቩን ስፋት ሩብ፣ በእኔ 8.9 ሚሊ ሜትር፣ ሲያልፍ ማነቆው ከቫልቩ ወደ ቴስታታው ጉሮሮ ይዛወራል። እንዲያውም የጉሮሮው ቀዳዳ ከቫልቩ ስለሚጠብ ማነቆው ከዚያም ቀድሞ ይዛወራል። ስለዚህ ጉሮሮው ባልተሰፋበት ቴስታታ ላይ ከ9.35 ወደ 10.49 መሄድ ጫፉ ላይ የሚጨምረው አየር እጅግ ጥቂት ነው።

እንግዲያው 1.25 ራሱ ምን ይጠቅማል ለሚለው፣ ጥቅሙ ያለው በመንገድ ላይ ነው። ጉብታው ፑሽሮዱን 4 ሚሊ ሜትር ገፍቶ ባለበት ቅጽበት፣ በ1.1 ሮከር ቫልቩ 4.25 ሚሊ ሜትር ተከፍቷል፣ በ1.25 ግን 4.85። በዚህ ሰዓት ማነቆው ገና ቫልቩ ራሱ ስለሆነ፣ 14 ከመቶ የሚሆነው ተጨማሪ ስፋት ሙሉ በሙሉ ጥቅም ላይ ይውላል። ቫልቩ ሲከፈትም ሲዘጋም በዚህ ክልል ውስጥ ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ ጫፉ ላይ የሚቆየው ግን ለአፍታ ነው። የሮከር ሬሾን በከፍተኛው ሊፍት ብቻ የሚመዝን ሰው ዋናውን ነገር ያልፈዋል።

ለእኛ ለደጋ ነጂዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ጉልበት ለመጨመር የተለመደው መንገድ ቫልቩ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ እንዲቆይ የሚያደርግ ካም መግጠም ነው። እንዲህ ያለ ካም ማስገቢያውን ቫልቭ አዘግይቶ ስለሚዘጋው፣ በዝቅተኛ ዙር ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመለስ ከገባው አየር ከፊሉን መልሶ ይተፋዋል። አየር በሞላበት ቆላ ይህ ጉድለት ይቻላል፤ አየሩ ቀድሞውኑ በሩብ ባነሰበት በደብረ ማርቆስ ወይም በእንጅባራ ግን፣ በዝቅተኛ ዙር የምትጠፋ እያንዳንዷ ትንፋሽ በዳገት ላይ ማርሽ ታስቀንሳለች። ሮከር ሊፍቱን ሲያሳድግ፣ ቫልቩ ከመቀመጫው የሚነሣበትንና የሚመለስበትን ጊዜ የሚቀይረው በጥቂቱ ነው፤ ያም 0.15 ሚሊ ሜትሩ ክፍተት በካሙ በኩል ሲታይ ከ0.136 ወደ 0.12 ስለሚጠብ ብቻ ነው። ሬሾ የሳሳውን አየር አያወፍረውም፤ የገባው አየር ግን እንዳይመለስ ካሙን እንዳለ ይተውልናል።

ስለ ሮከር ሬሾ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ከአሜሪካ ቪ8 ሞተሮች የተወሰደ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የሼቭሮሌ ትንሹ ቪ8 ሮከሩ 1.5 ነው፤ እርሱን በ1.6 መለወጥ የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የመጣው ኤልኤስ1 የተባለው ሞተር 1.7፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ኤልኤስ7 ደግሞ 1.8 አላቸው። እነዚህን ቁጥሮች ሰምቶ 1.4 ትንሽ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው፤ የሚታየው ቁጥሩ ሳይሆን ከነበረበት የሄደበት ርቀት ነውና። ከ1.5 ወደ 1.6 ጭማሪው 6.7 ከመቶ ነው። ከ1.1 ወደ 1.25 13.6 ከመቶ፣ ከ1.1 ወደ 1.4 ደግሞ 27 ከመቶ ነው። አሜሪካኖቹ በጥንቃቄ የሚራመዱትን እርምጃ እኔ አራት እጥፍ አድርጌ ልዘል ነበር።

1.25ቱ ከመጣ በኋላ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ገና መጀመሩ ነበር። ሬሾው ከፍ የሚለው ፑሽሮዱ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ወደ ዘንጉ ተጠግቶ በመሠራቱ ስለሆነ፣ ፑሽሮዱ በማቀፊያ ቱቦው ውስጥ የሚቆምበት ማዕዘን ይለወጣል። በ1.25 በእኔ ሞተር ላይ ቱቦውን አልነካም፤ በ1.4 ለሙከራ ሳስገባው ግን ቴስታታው አጠገብ ይታከክ ነበር፤ ቀዳዳውን በሞረድ ማስፋት ሊያስፈልግ ነው። ዋናው ጣጣ የፑሽሮዱ ርዝመት ነው። ሮከሩ ቀስት እየሠራ ስለሚጓዝ፣ ጫፉ በቫልቩ ራስ ላይ ትንሽ መንሸራተቱ አይቀርም። ይህ መንሸራተት ከሁሉ የሚያንሰው ሊፍቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ የማስተካከያው ብሎን ከቫልቩ ዘንግ ጋር ቀጥ ብሎ ሲገጥም ነው። ፑሽሮዱ ከረዘመ ወይም ካጠረ ሮከሩ ቫልቩን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ጋይዱም ያለ ጊዜው ይበላል።

ለመለኪያ የሚሆን ፑሽሮድ የሠራሁት አሮጌ ፑሽሮድ ለሁለት አስቆርጬ መካከሉ ላይ ብሎን በማስገባት ነው፤ ሲዞር ይረዝማል፣ ያጥራል። በቫልቩ ሞላ ምትክ የብዕር ሞላ የሚመስል ደካማ ሞላ አስገብቼ፣ ሞተሩን በእጄ እያዞርኩ፣ ግማሽ ሊፍት ላይ ቀጥታውን እስካገኝ ድረስ አንድ ቀን ሙሉ አስተካከልኩት። ከሮከሩ ዘንግ መቆሚያ ሥር ስስ ብረት መጨመርም አስፈለገ። ከዚያ በተገኘው ልክ አዲሶቹ ፑሽሮዶች ቶርኖ ቤት ተቆረጡ። የመጀመሪያው 2 ሚሊ ሜትር አጥሮ ወጣ፤ ጥፋቱ የቶርኖ ሠሪው አልነበረም፣ ጫፉ ላይ የሚገባውን ብረት ውፍረት መቀነስ ስላለብኝ ሁለት ጊዜ ቀንሼው ነበር። ያ ፑሽሮድ ዛሬ የበር መወርወሪያ ሆኖ ያገለግላል።

በዚሁ አጋጣሚ እውነተኛውን ሬሾ ለካሁ። ክፍተቱን ዜሮ አድርጌ አንድ መለኪያ በፑሽሮዱ፣ ሌላውን በሞላው ሳህን ላይ ሳስቀምጥ፣ ለ7.6 ግፊት ሳህኑ የሄደው 9.3 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ይህ 1.22 ነው። በሳጥኑ ላይ 1.25 ተጽፏል። ልዩነቱ አላስከፋኝም፤ ሬሾ በጉዞው ውስጥም እንኳ አንድ ዓይነት ሆኖ አይቆይም። ነገር ግን ሒሳቡን ሁሉ በሳጥኑ ጽሑፍ ብቻ የሠራ ሰው የሞላውንም የፒስተኑንም ክፍተት የሚያውቀው በግምት መሆኑን ልብ ሊል ይገባል።

ፒስተኑን በተመለከተ ፍርሃቴ ከፍ ያለ ነበር፣ ውጤቱ ግን ቀላል ሆነ። በማስገቢያው በኩል ቢያንስ 2፣ በማስወጫው በኩል 2.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያስፈልጋል። ቫልቩና ፒስተኑ በጣም የሚቀራረቡት ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ይመስላል፤ እንዲያ አይደለም። ማስገቢያው ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ ካለፈ 10 ዲግሪ ያህል በኋላ፣ ማስወጫው ደግሞ ጫፉ ላይ ከመድረሱ 10 ዲግሪ ያህል በፊት ነው የሚቀራረቡት። ለመለካት ፒስተኑ ላይ የሚለጠፍ ነገር ስፈልግ መጀመሪያ የዳቦ ሊጥ ሞከርኩ፤ ሊጡ ግን ከተጫኑት በኋላ ተመልሶ ስለሚያብጥ ውሸታም ነው። የልጄ የመጫወቻ ፕላስቲሲን ሥራውን ሠራ፤ በጣም የሳሳው ቦታ ላይ በቢላ ቆርጬ ስለካው ክፍተቱ ከሚያስፈልገው በላይ ነበር።

የፑሽሮዱን ማዕድን የመረጥኩት ደግሞ በሙቀት ምክንያት ነው። ጠንካራ የብረት ፑሽሮድ ለከባድ ሞላ ይመከራል። ሆኖም የቮልስ ሞተር ቤቱ ከማግኒዥየም ቅይጥ፣ ቴስታታው ከአሉሚኒየም የተሠራ በመሆኑ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ከካሙ እስከ ሮከሩ ያለው ርቀትም ይረዝማል። አሉሚኒየም ፑሽሮድ አብሮ ይረዝማል፤ ብረቱ ግን ወደ ኋላ ስለሚቀር በሙቀት ጊዜ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ሞተሩም ይንኳኳል። ሞላዬ ቀላል ስለሆነ አሉሚኒየሙን መረጥኩ፣ ክፍተቱንም በቀዝቃዛው በ0.15 አቆየሁት።

ውጤቱን ሳላጋንን ልናገር። ካርቡራቶሩ ያው አንዱ 34 ፒክት-3 ነው፣ ማርሚታውም አልተለወጠም፤ ከእነዚህ ጋር ተአምር አይጠበቅም። ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ሲዞር እንደ ቀድሞው ዝምተኛ ነው። ለውጡ የሚሰማው ከ2,500 ዙር በላይ ነው። ከዓባይ ስወጣ ሁልጊዜ ወደ ሁለተኛ ማርሽ የምወርድበት አንድ መታጠፊያ አለ፤ አሁን ብቻዬን ስሆን በሦስተኛ አልፈዋለሁ፣ ሦስት ሰው ከጫንኩ ግን ያው ሁለተኛ ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ክፍተቶቹን ስፈትሽ አንዱ ብቻ ጥቂት ጠቦ አገኘሁት።

1.4ቶቹ አሁንም በካልሲያቸው ውስጥ ናቸው። ኢንግል የተባለው አሜሪካዊ ካም ሠሪ ኤፍኬ የሚላቸውን ካሞች ጉብታቸውን ዝቅ አድርጎ ለ1.4 ሮከር እንዲስማሙ ይሠራቸዋል። ለ1.1 ከሠራቸው መካከል ዳብሊው 110 የተባለው በ1.1 ብቻ 10.9 ሚሊ ሜትር ሊፍት ስለሚሰጥ፣ 1.4 ቢገጠምበት ወደ 13.9 ይወጣል። እንግዲህ የክራንኩ ኩሽኔታዎች አልቀው ሞተሩ ለሁለት የሚከፈትበት ቀን ከመጣ፣ ካምና ጥንድ ሞላ አብረው ገብተው፣ ቴስታታው ጉሮሮው ተሰፍቶ ይገጠሙ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት አያ ሳጥኑን መደርደሪያ ላይ አይተው «እነዚህን አልሸጥኻቸውም?» ሲሉኝ ይህንኑ ነገርኳቸው፤ እርሳቸውም መጀመሪያ የዘይቱን ግፊት እንድለካ አዘዙኝ።